የእንቅልፍ ወንፈል

በዚያ ቀን ዱባ አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነገሩን አሳምሬ መናገር ይቻለኝ ነበር፤ ግን የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ግማሹ ስላየኝ ማሳመሩ አያዋጣም። ዱባው በአንቀልባ ታዝሏል፣ በላዩ ጋቢዬን ደርቤበታለሁ። የልጅ ልጄ መስሎኝ ነው። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተመዝና ጠብታ የምትወስድበት ቀን ነበር። ስትተኛ ድንጋይ ስለምትሆን አለመንቀሳቀሷ አልደነቀኝም። ጀርባዬም ካረጀ ወዲህ ወሬ አያመጣልኝም። እንዲያውም መንገድ ላይ ሸርተት ስትልብኝ ወደ ኋላ በመዳፌ መታ መታ እያደረግሁ እሹሩሩ እላት ነበር። እንጨት የተሸከመች ሴት አየችኝና “እንዲህ ያለ አያት ይባረክ! ወንድ ልጅ ሲያዝል!” ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱን ለሁለታችንም ተቀበልሁ፤ ለእኔና ለዱባው።

ጤና ጣቢያው ሰልፍ ነው። ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ሕፃን ስትመዝን የቆየች ልጅ ናት፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ከጀርባዬ በሁለት እጇ ተቀበለችና “ይችስ ጥሩ ክብደት አላት። ምን እያበላችኋት ነው?” አለች።

“ያገኘነውን” አልኋት፣ ኮራ ብዬ።

አንቀልባውን ፈታችው። ዱባውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንደገና ዱባውን።

“አባባ” አለች በትሕትና፣ “ይች ጠብታ አያስፈልጋትም። ሽንኩርትና በርበሬ ነው የሚያስፈልጋት።”

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንዲት እናት በጣም ከመሳቋ የተነሣ ልጇ ጡቱ አምልጦት አለቀሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን ዱባው እዚህ ከሆነ ልጅቱ የት እንዳለች እስካስብ ድረስ ብቻ ነው። ዱባውን ለነርሷ ትቼ ወጣሁ። ሮጥሁ ብል ይታዘበኛል የሚያውቀኝ፤ ልቤ ሮጠ፣ እግሬ በኋላ ደረሰ።

ቤት ስገባ ልጄ መደቡን ተደግፋ ተኝታለች። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ የሚገባበት ወር ነው። የልጅ ልጄ እናቷ እግር ላይ ተፈናጥጣ፣ ከሳህን ቆሎ እያነሣች አንድ አንድ ፍሬ በእናቷ ሹሩባ መካከል ትተክላለች።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“እዘራለሁ” አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ለእኔም በጆሮዬ ውስጥ አንድ ፍሬ ዘራችልኝ።

እንግዲህ ይኼ እንዴት እንደሆነ ልናገር። ልጄ አስተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅልፍ እንደ ጭልፊት ነው የሚወርድባት፤ የድካም ጊዜ፣ የመኝታ ጊዜ አይልም። ክፍል ውስጥ እየጻፈች ከያዛት ፊደሉ ከሰሌዳው ወርዶ ግድግዳው ላይ ያልቃል። የሚገርመው እጇ አይተኛም። ዓይኗ ተከፍቶ፣ አፏ እየተናገረ፣ እጇ እየሠራ እሷ ግን የለችም። በዚያ ጠዋትም ከጥግ የነበረውን ዱባ አንሥታ፣ በአንቀልባ አድርጋ፣ ጀርባዬ ላይ አጥብቃ አስራ፣ “ቀስ ብለህ ሂድ አባ፣ እንዳትቀሰቅሳት” ብላኛለች። በደንብ ነው የተናገረችው። ስትነቃ ግን አንዱንም አታስታውስም። እኔ ደግሞ ነቅቼ ነበር፤ ስለዚህ የማን በሽታ እንደሚብስ አንባቢ ይፍረድ።

ሰው ብዙ ነገር ብሏታል። አንዱ ዛር ነው አለ፣ አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ስንፍና ነው አለ። እኔ “በእኔ ወጥታ ነው” እል ነበር። ወጣት ሳለሁ ድጓ ልማር ቤተ ልሔም ደብር ሄጄ፣ መቋሚያ ተደግፎ ቆሞ መተኛትን ተምሬ ነው የተመለስሁ፤ ከዜማው የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው። ኋላ ግን ትልቁ ሆስፒታል ያለ ሐኪም መርምሮ ሕመም ነው አለ። ናርኮሌፕሲ ይባላል። እንቅልፍና ንቃት መካከል ያለው አጥር ስለፈረሰ አንዱ በአንዱ ማሳ ይገባል ብሎ አስረዳኝ፤ ይኼን ማንም ገበሬ ይረዳዋል። የሚያነቃ ኪኒን አዘዘላት፤ ደኅና ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሙ ኪኒኑን እስክትወልድ አስቆማት። የእርግዝናው ድካም በእንቅልፉ ላይ ተጨመረ። ሁለት ሌቦች በአንድ ቤት ማለት ነው። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ መኪናው ሲመጣ ይመጣል። እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝና ታች ጋይንት ያለችኝን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ልረዳት መጣሁ። ሐኪሙም ትእዛዙን ለእኔ ሰጠኝ፦ በቀን ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ጠብቃ ትተኛ፤ እሳት አጠገብ ብቻዋን አትቁም፤ ልጇን ቁጭ ብላ እንጂ ቆማ አትያዝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረ። ልጄ በጣም ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳታል፤ እየሰማች፣ እያየች፣ እንደ እርጥብ ልብስ ትወድቃለች። ይኼም የሕመሙ አንድ ወገን ነው። እርጉዝ ሆና መውደቅ ደግሞ አደጋ ነው።

“አባቷ እርስዎ ነዎት?” አለኝ።

“ነኝ።”

“ቀልድ ይቀንሱ።”

ከሥጋ ጾሜያለሁ፣ ከወተት ጾሜያለሁ፤ ከቀልድ ጹም ያለኝ ካህን ግን እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር።

የዱባው ወሬ ሁለት ቀን ሳይሞላው ስማዳ ደረሰ። ስማዳ የልጄ አማት፣ የባሏ እናት፣ አገር ነው። ስልኩ ጮኸ፤ እኔ አነሣሁት።

“የልጅ ልጄን በዱባ ለወጣችኋት አሉ?” አለችኝ ሰላምታ ሳታቀድም።

“አልለወጥንም እመይቴ። ተቀላቀሉብን እንጂ።”

“ጌታው፣ ቀልዱን ይተዉት። ዓርብ እመጣለሁ። እስክትወልድ ድረስ ሕፃኗን እኔ ዘንድ እወስዳታለሁ። አጠገቧ ሰው የለም፣ እሷ ተኝታ፣ እርስዎም…” አለችና ቃል አጣችልኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ስላልተናገረችው አመሰገንኋት።

ልጄ አጠገቤ ሆና ሰምታለች። ነቅታ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዳትሰማ ተኝታ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ሕፃኗን ወደ ጉያዋ ሳበቻት።

“አባ፣ ስተኛ አፍንጫዬን ይዛ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ጠዋት የምነሣው ‘እማማ ራበኝ’ ስትለኝ ነው። እሷን ከወሰዷት ለማን ብዬ እነቃለሁ?”

ሲጨንቀኝ የማደርገውን ላደርግ አፌን ከፈት ሳደርግ እጇን አነሣች። “እንዳታስቀኝ። ቆሜያለሁ።”

ተመልሼ ዘጋሁት።

ወደ ጎረቤታችን ሄድሁ። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ብርቱ ሴት ናት፤ ግቢዋ ሁልጊዜ ብቅል ለፀሐይ ተሰጥቶበታል። ነገሩን ነገርኋትና “ዓይን አበድሪን” አልኋት። እኔ ከልጄ አጠገብ የማልሆንበት ሰዓት አለ፤ እሆናለሁ በምለውም ሰዓት ላይ ሙሉ እምነት የለኝም።

“ዓይን በምን ይመለሳል?” አለች።

“በወንፈል።”

ወንፈል የእኛ አገር ሰው አንዱ ለአንዱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ዛሬ አንተ የእኔን ታርማለህ፣ ነገ እኔ የአንተን አጭዳለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። እህል ሲታጨድ እንጂ ሰው ሲተኛ ወንፈል የተባለበት አገር አልሰማሁም። እሷም አልሰማችም፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“እኔ መጥቼ የተኛ ሰው አያለሁ፤ እርስዎስ ምን ይሠሩልኛል? ማጭድ ቢይዙ ጣትዎን ነው የሚያጭዱ።”

“ያለሽን ሥራ ስጭኝ።”

“ብቅሌን ከዶሮ ይጠብቁ።”

እንዲህ ሆኖ በዚህ ዕድሜዬ ዶሮ አባራሪ ሆንሁ። እሷ እኛ ቤት ቁጭ ብላ እንዝርቷን እያሾረች ልጄንና የልጅ ልጄን ትጠብቃለች፤ እኔ በእሷ ግቢ ጅራፍ ይዤ ከዶሮ ጋር እዋጋለሁ። ሌሎችም ሴቶች ገቡበት። አንዷ ምስር አስለቀመችኝ፤ ለቅሜ ስጨርስ ድንጋዩን ድስት ውስጥ ጨምሬ ምስሩን ጣልሁት፤ ከዚያ ወዲያ ለእሷ ቤት ዳዊት እንድደግም ብቻ ተፈቀደልኝ። ልጄ በሰዓቷ እየተኛች፣ በሰዓቷ እየነቃች ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። ግን ዓርብ መድረሱ አልቀረም።

አማቲቱ ዓርብ በአውቶቡስ መጣች። ትልቅ ሴት ናት፤ በር ስትገባ ቤቱ ይጨልማል። አዲስ የሕፃን ብርድ ልብስና ጫማ ይዛለች። ልጅቱን ልትጠይቅ ሳይሆን ልትወስድ እንደመጣች ብርድ ልብሱ ይናገራል። ልጄን ከመውደዷ ብዛት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት፤ መውደዷን ማንም አይጠራጠርም። እንዲህ አጥብቃ የወደደቻት በሠርጓ ቀን ነው። ሙሽሮቹ የታላላቆችን ጉልበት እየሳሙ ሲዞሩ ልጄ እሷ ዘንድ ደረሰች፤ ሴትዮዋ የለበሰችው ቀሚስ ብዙ ነበርና እኔ በልጄ ጆሮ “ጉልበቱ የቱ ጋ እንደሆነ ካጣሽው ሰው ጠይቂ” አልሁ። ልጄ ሳቀች፤ ከወገቧ ተቆርጣ አማቷ እግር ሥር ተደፋችና እዚያው ቀረች። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። አማቲቱ አለቀሰች። “በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና!” አለች፤ እስከዛሬም በስማዳ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይኼን ትናገራለች። ያረማት ሰው የለም።

“ነገን አያለሁ” አለችን ቁጭ ብላ። “ሕፃኗ አንዲት ደቂቃ ጠባቂ አጥታ ካየሁ በማግስቱ በመኪና ነው።”

ቅዳሜ ጠዋት ተራው የእኔ ነበር። ቀልድ እንዳያመልጠኝ ቆርጬ፣ ጋቢዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ፣ ጳጳስ ሆኜ ተቀመጥሁ። ስጠየቅ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብቻ እላለሁ።

“ምነው ጌታው፣ አሞዎታል?” አለች አማቲቱ።

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ሆድዎን ነው?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

የልጅ ልጄ መጥታ ፊቴን በቅርብ መረመረችው። ጢሜን ሳብ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ ለእናቷ “አባባ ተበላሽቷል” አለቻት።

ልጄ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። መንከሱ ግን አልረዳትም። አንገቷ ተሰበረ፣ አገጯ ወደቀ፣ በጎኗ ቀስ ብላ ተጋደመች።

“ወየው! ወየው ልጄ ሞተች!” ብላ አማቲቱ ብድግ አለች።

“አልሞተችም” አለች ሕፃኗ። “ሳቀች።”

ሄዳ ትራሷን እየጎተተች አመጣች። ከእናቷ ራስ ሥር ለማስገባት ታገለች፤ ግማሹን አስገባችው። አጠገቧ ተቀምጣ ጉንጯን መታ መታ ታደርግላት ጀመር፣ እኔ ዱባውን እንዳደረግሁት። ትንሽ ቆይቶ ልጄ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፣ ቀና አለች።

“ሁሉንም ሰምቻለሁ እማማ” አለቻት አማቷን። “እንቅልፍ አይደለም። ስስቅ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምውለው።”

በአማቲቱ ፊት ላይ ሐሳብ ሲመላለስ ይታያል። እኔ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሜ ስላወቅሁ በሩን አየሁት።

“ሲያስቅሽ ትወድቂያለሽ?”

“አዎ እማማ።”

“እንዲህ ተደፍተሽ?”

“አዎ።”

“ታዲያ የሠርግሽ ዕለት… ጉልበቴ ላይ…”

ልጄ እኔን አየችኝ። አማቲቱም ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“ምን ነበር ያሳቃት ጌታው?”

“ደስታ!” አልሁ፣ ጳጳስነቴን ሳልለቅ። “እንደ እርስዎ ያለ አማት ማግኘቷ። እግዚአብሔር ይመስገን።”

አላመነችኝም። ግን ለጊዜው አሳደረችልኝ።

ከምሳ በኋላ የልጄ የመኝታ ሰዓት ደረሰ። ገብታ ጋደም አለች። ተራው አሁንም የእኔ ነው። አማቲቱ ግን “እኔ አያታለሁ። እርስዎ ወገብዎን ያሳርፉ። እኔ እንደሆን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም” አለች። በሩን በመወርወሪያው ዘጋን፣ ሕፃኗ መጫወቻዋን ይዛ ከመካከላችን ተቀመጠች። ወገቤን ለማሳረፍ ተንጋለልሁ። የማስታውሰው ይኼን ብቻ ነው።

የነቃሁት በጎረቤታችን ድምፅ ነው። የእሷ ተራ ደርሶ መጥታ፣ በመዝጊያው ስንጥቅ መወርወሪያውን ከፍታ ገብታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እኔ ጫማዎች ተከምረውብኛል፤ ቤት ውስጥ ያለ ጫማ ሁሉ ደረቴ ላይ ነው። አማቲቱ ቁጭ እንዳለች አንገቷን ጥላ ታንኮራፋለች። ግንባሯ ነጭ ነው። የልጅ ልጄ፣ እናቷ ስትታመም ካህኑ እምነት፣ የተባረከውን አመድ፣ ሲቀቧት አይታ ኖሮ፣ ከበሶው ቁና ዘግና ለአያቷ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አፍንጫዋንም ቀብታታለች።

ጎረቤታችን ስትገባ ሕፃኗ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

“እሽሽ! ታመዋል።”

“ሦስት ትልልቅ ሰው አስተኝታ!” አለች ጎረቤታችን። “እኔስ ምን ልጠብቅ መጣሁ?”

አማቲቱ ደንግጣ ነቃች። “አልተኛሁም! ዓይኔን ነው ያሳረፍሁ!” አለች፤ በሶው ከአፍንጫዋ ብን ብን እያለ።

ከወዲያ ልጄ ሳቀች። ተጋድማ ስለነበር የምትወድቅበት አልነበራትም፤ ዝልፍልፍ እንዳለች፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ካረገዘች ወዲህ ሳትፈራ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የጾምሁትን በአንዴ ገደፍሁ፤ ጫማዎቹ ከደረቴ ላይ እየተንሸራተቱ ወረዱ።

አማቲቱ አልሳቀችም። ግንባሯን በነጠላዋ ጠረገች፣ በጣቷ ቀመሰችው፣ በሶ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ተነሥታ አዲሱን ብርድ ልብስ ከዕቃዋ አውጥታ የሕፃኗ መኝታ ላይ ዘረጋችው።

“ትቆይ” አለች። “እኔም ስማዳ ወስጄ ይኸው እንቅልፌን ልተኛባት ኖሯል። ይች ሴት በሰዓቷ መጥታለች፤ እናንተ ወንፈል የምትሉት ነገር ይሠራል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ግን አንድ ሰው ጎድሎታል።”

“ማን ጎደለ እመይቴ?”

“ተራው የማን ነበር?”

“የእኔ።”

“ማን ያዘልዎ?”

“እርስዎ። ግን እመይቴ፣ ተኝተው ነበር እኮ!”

“ተኝቼም ቢሆን በእርስዎ ተራ ነው የተኛሁ። ወንፈል ወንፈል ነው። አንድ ቀን የጤፍ አጨዳ፣ ስማዳ።”

ጎረቤታችን ዳኛ ሆና ፈረደች፤ ስለ ወዳጇ ምስር ቂም የያዘች መሰለኝ፣ ለአማቲቱ ፈረደች። ልጄ “እውነቷን ነው አባ” አለች። ሕፃኗም ምን እንደተባለ ሳታውቅ አጨበጨበች። አማቲቱ ያን ሳምንት ቆይታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች በተራዋ ጠበቀች። ቁጭ ብላ መጠበቅ አልወደደችም፤ ቆማ ነው የምትጠብቅ።

ልጄ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወለደች፣ ወንድ። ነርሶቹ ሕመሟን ቀድመው ስለሰሙ ሕፃኑን ስታጠባ አንድ ሰው ከአጠገቧ አልጠፋም። ታላቂቱ ወንድሟን ባየችው ጊዜ አፍንጫውን ያዘችው፤ ነቃ።

አጨዳው ግን ቀረ። ጤፉ ሲደርስ አማቲቱ ደወለች፤ አራስ ጥዬ አልወጣም አልኋት። ሽንብራው ሲደርስ ደወለች፤ ክርስትናው ነው፣ ድግስ አለብኝ አልሁ። በድግሱ ቀን ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ሽንብራው አንድም ቃል ሳትናገር ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ይኼ ከስድብ ይከብዳል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ያልታጨደ ጓያው ብቻ እንደቀረ ነገረችኝ።

“ማጭዱን አስልቻለሁ” አለች። “ወገብዎ ካመመዎ ቁጭ ብለው ይጨዱ። ከተኙም ምንም አይደል፤ በተራዎ ይተኙ።”

“ነገ እመጣለሁ እመይቴ” አልኋት።

የትኛው ነገ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም አላስታወስኋት።